ጥቁሩ ስክሪንና የፍላቂቱ ደብዳቤ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2004

በላው። አራት ቀን የሠራሁትን በላው። ፎልደሮቹ አሉ፣ ስማቸውም አለ፣ ግን እያንዳንዳቸው ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል፤ ሲከፈቱ ባዶ። ለጎብኚ ያዘጋጀሁት ገጽ፣ የአስጎብኚዎቹ ፎቶ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ዝርዝር፣ ሁሉም ሄደ። ከካሳው ፍላሽ የመጣ ቫይረስ ነው።

ካሳው የአንድ ሆቴል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ከተማው "ኢንጂነር" ይለዋል፣ እሱም "አይደለሁም" ብሎ አያውቅም። ደውዬ ስነግረው ሳቀ።

"ላሊበላ ውስጥ ቫይረስ የሌለበት ፍላሽ ካገኘሽ ንገሪኝ፣ መጥቼ አየዋለሁ" አለኝ።

ይኸው ነው መልሱ። ዊንዶውሱንም የሰጠኝ እሱ ነው፤ ወልድያ ሱቅ የተቀዳ ቅጂ። ሲሰጠኝ "ዓለም በሙሉ በዚህ ነው የሚሠራው፣ አንቺ ምን ልዩ ሆንሽ?" ብሎኝ ነበር። እኔም አፌን ዘግቼ ተቀበልኩ። ከእሱ ይልቅ የተናደድኩት በራሴ ነው። አራት ዓመት ተምሬ በሰው ምክር ተደገፍኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ በኋላ ሲበርድልኝ እንዳላቃልለው።

ሐምሌ ላይ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቅሁ። ከተመለስኩ ጀምሮ የአስጎብኚዎች ማኅበሩ ድረ ገጽ እንዲኖረው እወተውታለሁ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ደሳለኝ በመጨረሻ እሺ አሉ፤ እሺታቸው ግን ጅራት አለው። "ረቡዕ ታኅሣሥ 18 ቤትሽ መጥተን እናያለን። ካማረን ሥራው ያንቺ ነው። ካላማረን አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ናሙና ልኮልናል፣ ለእሱ እንሰጠዋለን" አሉኝ።

በሌላ በኩል የመንግሥት የምደባ ደብዳቤ አለ። ፍላቂት ተመድቤአለሁ፤ "የመረጃ ባለሙያ" ይላል። ሄጄ ጠየቅሁ። መረጃ ያሉት የሌላ ሰው ደብዳቤ መተየብ ነው። እስከ ታኅሣሥ 20 ሪፖርት ካላደረግሁ ቦታው ለተጠባባቂ ያልፋል። ፍላቂትን አልጠላትም፣ ደጋ ነው፣ ሰዉም ደግ ነው። ግን መተየብ አሥረኛ ክፍል ሆኜም እችል ነበር።

ስለዚህ ስምንት ቀን አለኝ፤ ሆቴሉ የጣለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ፤ ማኅበሩ ያዋሰኝ ላፕቶፕ አለኝ። አሮጌው ሰርቨር ይሆናል፣ ማለትም ድረ ገጹ እሱ ውስጥ ይኖራል፣ ላፕቶፑ በገመድ ገብቶ ያየዋል። ኢንተርኔቱ እዚህ አገር እየተጎተተ ስለሚመጣ እቤት ሠርቼ ጨርሼ ነው መላክ የምችለው።

የሚቀረው ኮምፒውተሩን ራሱን የሚያሽከረክረውን ፕሮግራም መምረጥ ነው። በዚህኛው ዙር ማንንም አልጠይቅም።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 11

ማንንም አልጠይቅም ያልኩት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው የቆየው። ለሰዓዳ ደወልኩላት። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የነበርን ናት፤ አሁን ወልድያ አባቷ ሱቅ ውስጥ ሆና እንደ እኔ ሥራ ትጠብቃለች።

ያለኝ ምርጫ ይሄ ነው፦

ዊንዶውስ፦ ሁሉም ያውቀዋል። ካሳውም ያውቀዋል። ቫይረሱም ያውቀዋል።

ኡቡንቱ፦ ሲዲው ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ያምራል። መዳፊት አለው፣ ሥዕል አለው፣ ለእንግዳ ቢያሳዩት አያሳፍርም።

ዴቢያን፦ ሲዲው አንዱ አለኝ። ያለ ሥዕል ሊጫን ይችላል፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ ሌላ ምንም።

ኡቡንቱን ጫንኩ። ማለቴ፣ መጫን ጀመርኩ። የኮምፒውተሩ ሜሞሪ 256 ሜጋባይት ብቻ ነው። አንድ መስኮት እስኪከፍት እማዬ ሽሮ አማስላ ትጨርሳለች፤ አላጋነንኩም፣ አማስላ ጨርሳለች። ደግሞ ይግላል። ለምን ይህን ያህል ጋለ ብዬ ከኋላው ብመለከት እማዬ አቧራ እንዳይገባው ብላ በዳንቴል ሸፍናዋለች፤ መተንፈሻው ላይ።

"ዕቃ አይደለም ወይ? ቴሌቪዥኑንስ የሸፈንኩት በምን ነው?" አለችኝ።

ዳንቴሉን አነሣሁ። ኡቡንቱ አሁንም አይነቃም።

ሰዓዳ ነገሩን ሰምታ፣ "ወላሂ ብርቄ አንቺ ሠርግ ነው ወይ የምትደግሺው? ሰርቨር ሥዕል ምን ያደርግለታል? ዴቢያኑን ጫኚና ተገላገዪ" አለች።

እውነቷን ነው። ሥዕሉን የፈለግሁት ለጋሽ ደሳለኝ ዓይን ነው እንጂ ለሥራው አይደለም። ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 12

ዴቢያን ገባ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አንዴ እንኳ አልተደናቀፈም።

እማዬ ገብታ አየችና፣ "ተቃጠለ እንዴ ልጄ?" አለች። አልተቃጠለም፣ እንዲህ ነው መልኩ አልኳት። ከንፈሯን መጠጠች። ለኮምፒውተሩ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

ከሰዓት ካሳው መጣ፤ ያዋሰኝን ገመድ ልውሰድ ብሎ። ስክሪኑን ሲያይ እጁን ኪሱ ከተተ።

"ዊንዶውሴን የት አደረግሽው?"

"ፎርማት አደረግሁት።"

"እታለም፣ ይሄ እኮ ሰው ዊንዶውስ ከመፍጠሩ በፊት የነበረ ነገር ነው። ወደ ኋላ ነው የሄድሽው። ኮሚቴው መጥቶ ይህን ጥቁር ነገር ሲያይ፣ ሞቷል ብሎ አልቅሶ ነው የሚሄደው።"

ገመዱን ቅዳሜ ውሰድ አልኩት። በር ላይ ደርሶ ዞር አለና፣ "ሴት ልጅ ደግሞ እንዴት ጥቁር ስክሪን ትወዳለች?" አለ። ምን ማለት ነው? ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ወንድ ቢሆን ጥቁሩ ስክሪን ይገባው ነበር? እሱ ራሱ ወንድ ነው፣ አልገባውም። ይህን መልስ ያገኘሁት ከሄደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ደሳለኝ ደወሉ። "ካሳው ጥቁር ነው ይላል፣ እውነት ነው?" አሉኝ። እውነት ነው፣ ግን እናንተ የምታዩት ላፕቶፑ ላይ ነው፣ እሱ በቀለም ነው አልኳቸው። "እስቲ እናያለን" አሉ። ይህችን "እስቲ" አልወደድኳትም።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 13

ድል። ትንሽ ናት ግን ድል ናት።

በላፕቶፑ የሰርቨሩን ቁጥር ጻፍኩ፣ ገመዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፣ ነጭ ገጽ መጣ፣ "ሠርቷል" ይላል በእንግሊዝኛ። ያቺን አንድ ቃል አሥር ጊዜ መላልሼ ከፈትኳት። አራት ቀን የሠራሁትንም በአንድ ቀን ግማሹን መለስኩት፤ እጄ ያስታውሰዋል።

የጎደለው፣ ጎብኚ አስጎብኚ ሲመርጥ ስሙን መዝግቦ የሚይዘው ክፍል ነው። እሱ የዴቢያን ሁለተኛው ሲዲ ላይ ነው ያለው። ሰዓዳ አላት። ነገ በሚኒባስ እስከ ጋሸና ትልክልኛለች፣ እኔ ወርጄ እቀበላለሁ።

አንድ ችግር አለ። የዚህ ኮምፒውተር የውስጥ ባትሪ ሞቷል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱንና ቀኑን ይረሳል፣ ሲበራ ይጮሃል፣ ካልነገሩት አይሄድም። ባትሪው ደግሞ እዚህ የለም። ሰርቨር ማለት ሳይጠፋ የሚቆይ ማለት ነው፤ እስከ ረቡዕ ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ ማየት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ነገ እኔ ሳልኖር መብራት ከሄደ እንዲያስነሡልኝ ለአባዬ ነገርኳቸው።

አባዬ መሪጌታ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ጾሙ መቼ ይገባል፣ በዓሉ መቼ ይውላል የሚለውን ጣታቸውን እያጠፉ ያወጣሉ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ ግን አንድ ነገር አደራ ካሏቸው አደራ ነው። በወረቀት ጻፍኩላቸው፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፦

አንድ፣ ማብሪያውን ይጫኑ። ሁለት፣ ሲጮህ ኤፍ ሁለትን ይጫኑ። ሦስት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያስተካክሉ። አራት፣ ኤፍ አሥርን ይጫኑ። አምስት፣ አዎ ይበሉት።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡ። "አዎ የምለው በቃል ነው ወይስ በእጅ?" አሉኝ። በእጅ አልኳቸው።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 14

ካሳውን እንዲህ አላውቀውም ነበር።

በጠዋት ጋሸና ወረድኩ። ሲዲው መጣ፣ ሰዓዳ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ላዩ ላይ "እንዳይታጠፍ" ብላ ጽፋበታለች። በደስታ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቤት ስደርስ ኮምፒውተሩ በርቷል። አባዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገቡ ቆመዋል።

"አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ሄደ፣ ስድስት ሳይሞላ መጣ። እንደ ወረቀቱ አድርጌ አበራሁልሽ። አንድም አላጎደልኩም" አሉ። አመሰገንኳቸው።

ስክሪኑን ባየው ዴቢያን የለም። መግቢያው ላይ ቆሞ ይለፈልፋል፤ ዲስኩ ችግር አለበት፣ በእጅ ይጠገን፣ አልሄድም። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው። እንደገና፣ ያው። ላፕቶፑ ላይ ያቺ "ሠርቷል" የምትለዋ ገጽ የለችም።

በእጅ ጠግኚ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ አንዱ ልጅ ይህንኑ የጥገና ትእዛዝ ሰጥቶ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ። እጄ ፈራ። ሰዓዳ ስልኳ ዝግ ነው።

"እኔ ሳልኖር ማን መጣ?" አልኳት እማዬን።

"ካሳው መጥቶ ነበር፣ ገመድ ብሎ። እዚያው ቆሞ ትንሽ አየውና ሄደ።"

ቆሞ አየው። አየው ብቻ?

ሮጬ ወጣሁ። ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ሞልቷል። ካሳው ከማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ከጋሽ ደሳለኝ ጋር ቆሟል። ያልኩትን ሁሉ መጻፍ አልፈልግም። "ሥራዬን ሰረቅህ፣ ሆን ብለህ አበላሸኸው፣ ለአዲስ አበባው ሰውዬ ነው የምትሠራው" ብያለሁ። እህል የሚሰፍሩት ሴቶች መስፈር አቁመው ያዩን ነበር።

ካሳው ፊቱ አመድ መሰለ። "ብርቄ፣ ያንን ጥቁር ነገር አበላሽልኝ ብትዪኝ እንኳ የት እንደሚነካ አላውቅም" አለኝ።

አስመሳይ።

ጋሽ ደሳለኝ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ረቡዕ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? እሱን ንገሪኝ" አሉ። ይደርሳል አልኩ። በምን እንደሚደርስ አላውቅም።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 15

አልሄድም ይላል። ዛሬም ያው ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ጊዜ አብርቼ አጠፋሁት። መብራት እንኳ አልጠፋም። ሌላ ጊዜ በቀን ሁለቴ የሚሄደው መብራት ከትናንት ጀምሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የማይፈለግበትን ቀን ያውቃል።

የተናደድኩባቸው፦

ካሳው።

ዴቢያን። እምነት ጥዬበት ነበር። ሥዕል ተውኩለት፣ ቀለም ተውኩለት፣ በምላሹ የጠየቅሁት እንዲነሣ ብቻ ነው።

"ሴት ልጅ ደግሞ" የሚሉ ሁሉ።

አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ፣ ባላውቀውም።

እማዬ። ምሳ ላይ፣ "ካሳው እናቱ ፊት አለቀሰ አሉ" ብላኛለች። ለምን ትነግረኛለች? አጥፊው ሲያለቅስ ተበዳይዋ ማጽናናት አለባት? ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች። "ፍላቂት እኮ ቅርብ ነው ልጄ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጪያለሽ።" ደብዳቤውን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አድርጋዋለች። አጥፋ ሳይሆን ዘርግታ።

መልሼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ቆይቼ ደግሞ አውጥቼ ቀኑን አየሁ። ሃያ ነው። ቀኑ አልተቀየረም።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።

ጠዋት ወሰንኩ። የካሳውን ዊንዶውስ ሲዲ አወጣሁ። ዴቢያኑን ከነሥራዬ አጥፍቼ ዊንዶውስ ልጭን፣ በሁለት ቀን የቻልኩትን ያህል ልደርስ። ሲዲውን አስገብቼ፣ "ያለው ሁሉ ይሰረዛል፣ ይቀጥል?" የሚለው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

አባዬ ከተማሪዎቻቸው ተመልሰው ገቡ።

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"ላጠፋው ነው አባዬ። እንደገና ልጀምር።"

"ምን በደለ?"

ያለወትሮዬ ተቆጣሁ። ምን እንደበደለ ቢነግረኝማ መች እዚህ እደርስ ነበር አልኩ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ቃሉ ምን ይላል? በአማርኛ ንገሪኝ" አሉ። ለተማሪ ነው እንዲህ የሚሉት፤ ትርጓሜ ከመጀመራቸው በፊት ቃሉን ያስነብባሉ።

ለእሳቸው ብዬ ሲዲውን አውጥቼ መልሼ አስነሣሁት። መስመሮቹን እየተከተልኩ ተረጎምኩ። ከቅዳሜ ጀምሮ "ዲስኩ ችግር አለበት" የሚለውን ብቻ ነበር የማነበው፤ ከበላዩ ያለችውን መስመር ዓይኔ ይዘላት ነበር።

"ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈትኩበት ቀን ገና አልመጣም፣ ይላል።"

አባዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ፣ "እሱ ዛሬን መቼ ነው ብሎ ነው ታዲያ?" አሉኝ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ። ይህን አልጠየቅሁም።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ቀኑን ምን ብለው ሞሉት?"

"አሥራ አራት፣ አራተኛ ወር፣ ሁለት ሺህ አራት። ሰዓቱን ስድስት።" ጣታቸውን እያጠፉ ነው የነገሩኝ። "እሱማ ሲነሣ አንደኛ ወር፣ አንደኛ ቀን፣ ሁለት ሺህ ሁለት ብሎ ነበር። መስከረም አንድ። ሁለት ዓመት ቢዘገይ ነው ብዬ አቃናሁት። አራተኛ ወር ታኅሣሥ አይደለም?"

ታኅሣሥ ነው። ለእኛ ነው። ለኮምፒውተሩ ኤፕሪል ነው፣ ዓመቱም ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ዴቢያን ባለፈው ዓርብ በ2011 ዲሴምበር ላይ የተከፈተ መሆኑን ዲስኩ ላይ ጽፎ አኑሯል፤ ሲነሣ ግን ገና 2004 ነው ተባለ። ያልመጣ ዘመን ውስጥ የተከፈትኩ ነኝ፣ ይህ ነገር አልጣመኝም፣ ብሎ ቆመ። ልክ ነው። የቆመው ልክ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የጮህኩት በአባዬ ላይ ነው። እጽፈዋለሁ፣ አልደብቀውም። "ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?" አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ተነሥተው ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደው በጣታቸው ሦስተኛውን አሳዩኝ።

"ያስተካክሉ ይላል። አስተካከልኩ።"

የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። በማን አቆጣጠር እንደሆነ አልጻፍኩም። ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚያስብ መስሎኝ።

ቀኑን አረምኩ፣ ሰዓቱን አረምኩ፣ አስነሣሁት። ምንም ጥገና አላስፈለገውም። ምንም። ቀጥ ብሎ ገባ። የሠራሁት ሁሉ ቦታው ላይ አለ። በማጥፊያው ሲጠፋ ቀኑን አይረሳም፤ ትናንት አንዴ መብራት ቢጠፋ ኖሮ ግን ራሴ ቀኑን ስሞላው ይፈታ ነበር።

አባዬ ሊወጡ ሲሉ፣ "አሥራ ሦስተኛ ወር ግን አይቀበልም። ለማየት ያህል ሞክሬዋለሁ። ጳጉሜን ሲመጣ ምን ልታደርጊ ነው?" አሉ።

ከዚያ ካሳው ትዝ አለኝ። እህል የሚሰፍሩት ሴቶች ትዝ አሉኝ።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 17

ሆቴሉ ሄድኩ። ካሳው ማተሚያ ፈትቶ እጁ በቀለም ጠቁሯል። ሳያየኝ ነው የሰማኝ። እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ አባዬን፣ ዓመተ ምሕረቱን።

"ሌባ ያልሽኝ ገበያ መሀል ነው" አለ።

"አዎ።"

"ይቅርታው ማተሚያ ክፍል ውስጥ?"

ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ነው የሚያናድደው። ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ትክክል ነገር ሳይናገር ቆይቶ ዛሬ ተናገረ። ነገ ኮሚቴው ፊት እላለሁ አልኩት።

"እንግዲያው መምጣቴ ነው" አለ። ብሎኑን እያጠበቀ፣ "የኔታ ግን ኤፍ አሥርን በትክክል ጫኑት?" አለ። ጫኑት አልኩ። "ሆቴሉ ውስጥ ሁለት ዓመት አስተምሬአቸው ኤፍ አሥር የማያውቁ አሉ" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ሳልፈልግ።

እቤት ተመልሼ የመመዝገቢያውን ክፍል ከሰዓዳ ሲዲ ስጭን አንድ ነገር መጣልኝ። አባዬ የተሳሳቱት ስሕተት የእሳቸው ብቻ አይደለም። አስጎብኚዎቹ በየሳምንቱ ይጣሉበታል። አስጎብኚው "ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ" ይላል፣ ፈረንጁ በእሱ ሁለት ይመጣል፤ ስድስት ሰዓት ይተላለፋሉ፣ ከዚያ መወቃቀስ። ስለዚህ የድረ ገጹ አናት ላይ ሁለት ሰዓትና ሁለት ቀን ጎን ለጎን አደረግሁ፤ የእኛና የእነሱ። ቀኑን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞረውን ሕግ አባዬ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩት። እሳቸው በቃል ያሉትን እኔ በኮድ እያደረግሁ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጠን ዋልን። አንድ ቦታ ላይ አረሙኝ። "ከጳጉሜን ስድስት በኋላ ያለውን ዓመት ረሳሽው" አሉ። ረስቼው ነበር።

ደግሞ ወረቀቱን ቀድጄ አዲስ ልጽፍ ስል፣ "ተዪው፣ እኔ እጽፈዋለሁ" አሉ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 18

መጡ። ጋሽ ደሳለኝ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ ካሳው። እማዬ ኮምፒውተሩን እንደገና በዳንቴል ሸፍናው ነበር፤ በጊዜ ደረስኩበት።

ከሁሉ በፊት ይቅርታዬን አልኩ። "ካሳው ምንም አልነካብኝም። ስሕተቱ የእኔ ወረቀት ነው። ቅዳሜ ያልኩትን እዚህ እመልሳለሁ" አልኩ። ካሳው ኮርኒሱን እያየ፣ "ገበያው ላይ የነበሩት ሴቶች ግን ኮሚቴ ውስጥ የሉም" አለ። ጋሽ ደሳለኝ፣ "በቃ፣ አንተም አታብዛው" አሉት።

ገጹን በላፕቶፑ አሳየኋቸው። ፎቶአቸውን ሲያዩ ተቃረቡ። ሁለቱን ሰዓት ሲያዩ አንደኛው የኮሚቴ ሰው፣ "ይሄ ባለፈው ዓመት ቢኖር እኔና ያ ጀርመናዊ አንጣላም ነበር" አለ።

ከዚያ መብራቱ ሄደ።

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ በርቶ ቀረ። ሰርቨሩ ጸጥ አለ። ገጹ ሄደ። ጋሽ ደሳለኝ ኮታቸውን ሰበሰቡ። የሄደው ሩብ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ ለእኔ ግን ረዘመ። ሲመለስ ላስነሣው ስል አባዬ ቀድመውኝ ተነሥተው ነበር። ጮኸ። ኤፍ ሁለት ጫኑ። ሁላችንም የእሳቸውን ጀርባ እናያለን።

"የእነሱ ሃያ ስምንት ነው ዛሬ፣ አይደል?" አሉ ሳይዞሩ።

"አዎ አባዬ።"

ኤፍ አሥር። አዎ አሉት፣ በእጅ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጩ ፊደል እየፈሰሰ ወረደ፣ ቆመ። ላፕቶፑ ላይ ገጹ ተመለሰ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ካሳው ከኪሱ ፍላሹን አውጥቶ ወደ ሰርቨሩ ጠጋ አለ። "ልሰካው?" አለ። ያው ፍላሽ ነው። ስካው አልኩት። ሰካ። ለዊንዶውስ የተሠራው ቫይረስ ጥቁሩ ስክሪን ላይ በስሙ ተዘርዝሮ ታየ፤ እንደ ማንኛውም ፋይል፣ ምንም ሳያደርግ፣ በር ላይ እንደቆመ ሰው። ካሳው ጎንበስ ብሎ ስሙን አነበበ። "ለካ እንዲህ ነው የምትባለው" አለው።

ጋሽ ደሳለኝ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ የአዲስ አበባው ሰውዬ ናሙና ነው፣ አሳትመውታል። ከላፕቶፑ አጠገብ ዘረጉት።

"የገናን ቀን እዩልኝ። የእሱ ጃንዋሪ ስምንት ይላል። ያንቺ ሰባት ይላል። የቱን ልመን?"

አባዬን አየሁ። እሳቸው ወረቀቱን እንኳ አላነሡትም።

"ሰውዬው ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝን ዝም ብሎ ገልብጦ ነው። ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በሃያ ስምንት ነው የምናከብረው። የእነሱ ሰባት አይነቃነቅም፣ የእኛ ነው ለእሱ የሚንቀሳቀሰው" አሉ።

"በሃያ ስምንት መሆኑንማ ማን ያጣዋል የኔታ" አሉ ጋሽ ደሳለኝ። "በእነሱ ስንት እንደሚሆን ነው ያላወቅነው። ጎብኚዎቹን ስምንት ብለን ብንጠራቸው፣ በዓሉ አልቆ ሰዉ ሲበተን ነው የሚደርሱት።" ወረቀቱን መልሰው አጠፉት።

አሁን እሺ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ምን አሉ? "ጥሩ ነው። ግን ያ ጥቁሩ ነገር በዊንዶውስ ቢሆን ምን ይለዋል? ሰው ቢጠይቀን እንዳናፍር።"

ካሳው ነው የመለሰው። "ጋሼ፣ የእኔ ፍላሽ ያልገደለውን እግዜር ያኑረው በሉ" አለ።

ነገ ገብርኤል ነው፣ ዓርብ እንነግርሻለን ብለው ሄዱ። ዓርብ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? የፍላቂቱ ሚኒባስ የሚነሣው በጠዋት ነው። አልጠየቅኳቸውም። አሁን ነው የታየኝ።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 20

አልሄድኩም።

በጠዋት ደብዳቤውን ይዤ እስከ መናኸሪያው ደረስኩ። ረዳቱ "ጋሸና፣ ፍላቂት" እያለ ይጣራል። "ትገቢያለሽ?" አለኝ። አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። አንዲት ጎመን የተሸከመች ሴት መጣች፣ እሷ ገባች። ቆሜ ሲሄድ አየሁት። ማኅበሩ አንድም ቃል አላለኝም ነበር።

እማዬ ስመለስ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብላ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ምሳ አለፈ። ምንም የለም። ጋሽ ደሳለኝ ስልካቸውን አያነሡም። ሰው ዓርብ ካለ ዓርብ መናገር አለበት፤ ሰው እዚህ ዕድሜውን ይዞ ይጠብቃል። ይህንኑ በንዴት ስጽፍ ነው ካሳው የመጣው፣ በብብቱ ትልቅ ፖስታ ይዞ።

"ጋሼ ውሰድላት ብለውኛል።"

ከፈትኩት። የሁሉም አስጎብኚዎች ፎቶ ነው፤ ከጀርባው እያንዳንዱ ስሙን፣ የሚናገረውን ቋንቋ፣ ስልኩን ጽፎበታል። አንዳንዱ ስሙን በሁለት መስመር ነው የጻፈው፣ በእኛም በእነሱም ፊደል።

"እሺ ማለት ነው?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ። ውሰድላት ነው ያሉኝ። ደግሞ ከገና በፊት ይድረስ ብለዋል።" ገመዱን ሳይወስድ ሄደ። ሁለተኛ ጊዜው ነው የረሳው። ወይም አልረሳውም።

እሺ የሚል ወረቀት የለም። የሥራው ውል የለም። ተጠባባቂው ፍላቂት ደርሶ ይሆናል አሁን። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ በየቋንቋው እየለየሁ ነው፤ ጣሊያንኛ የሚናገሩት ከገመትኩት በላይ ናቸው።

መብራት ሄዶ መጣ፣ ይህን ስጽፍ። ከወዲያኛው ክፍል ጩኸቱ ተሰማኝ፣ የአባዬም ወንበር ሲንቀሳቀስ። ግድግዳው ላይ አሁን ያለው ወረቀት የእሳቸው ነው፣ በቀይና በጥቁር ቀለም የተጻፈ። ሦስተኛው ተራ "በማን አቆጣጠር? በእነሱ" ይላል፣ በቀይ።

"ዲሴምበር ሠላሳ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ" ይላሉ ለራሳቸው። "ሰዓቱ ዘጠኝ አይደለም፣ አሥራ አምስት ነው።"

ልክ ነው። አልተነሣሁም።